የማን አብራክ?

አማርኛ ተናጋሪ የወለደውን ልጅ «የአብራኬ ክፋይ» ይለዋል። አብራክ በግዕዝ ጉልበቶች ማለት ነው፤ ነጠላው ብርክ ነው፣ ያው ሰው ሲደነግጥ «ብርክ ያዘው» የምንለው። ልጅን ከሆድ ትቶ ከጉልበት ጋር ማያያዝ መጀመሪያ ግር ይላል። ግን ዘፍጥረት ምዕራፍ 30ን ያነበበ ሰው ብዙም አይገርመው። ልጅ ያጣችው ራሔል አገልጋይዋን ባላን ለያዕቆብ ስትሰጠው፣ የምትፈልገው ባላ በእሷ በራሔል ጉልበት ላይ እንድትወልድላት ነው። ጉልበቷ ላይ የሚያርፈው ሕፃን የራሔል ይሆናል። ማን አረገዘው፣ ማን አማጠው የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነበር።

ዛሬ ስለ ተኪ እናትነት (አንዳንዱ «ማህፀን ማከራየት» ይለዋል) ወሬ ሲነሳ ባላ፣ ከእሷም በፊት የሣራ አገልጋይ አጋር ወዲያው ይጠቀሳሉ። «አዲስ ነገር አይደለም፣ ከአብርሃም ጀምሮ ያለ ነው» ይባላል። ይሄ ግማሽ እውነት ነው። አጋርም ባላም የወለዱት የገዛ ሥጋቸውን ነው፤ ዘሩም የእነሱ ነበር። ደግሞ ማንም ፈቃዳቸውን አልጠየቀም። አጋር ካረገዘች በኋላ ከእመቤቷ ጋር ተጣልታ ወደ በረሃ ሸሸች፤ ቆይቶም ከነልጇ ተባረረች። ስለዚህ ከዚያ ታሪክ ወደ ዘመናችን የመጣው ዘዴው ሳይሆን ጥያቄው ነው፤ ለሌላ ሰው የምትወልድ ሴት ምኗ የማን ነው?

ሕግ ለዚህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የማያሻማ መልስ ነበረው። የሮማ ሕግ አዋቂዎች እናት ሁልጊዜ የታወቀች ናት ይሉ ነበር፤ የወለደችው ናት። አባት ግን ግምት ነው፣ የእናትየው ባል አባት ነው ተብሎ ይወሰዳል። የእኛም ሕግ ከዚህ አልራቀም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እናትነት የሚታወቀው በመውለድ ብቻ ነው ይላሉ። ምስክር አያስፈልግም፣ ምርመራ አያስፈልግም።

እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በየመዝገቡ «የእናት ስም» የሚል አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ አንድ ሰው፣ አንድ እናት። እኛ ይሄንን «መቼም አይለወጥም» ብለን ኮድ ውስጥ እናስገባዋለን። ይሄ እርግጠኝነት የተናጋው ቀኑ በሚታወቅ፣ ሰዎቹም በሚታወቁ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ ኦልድሃም ከተማ ሉዊዝ ብራውን ተወለደች። እናቷ ሌስሊ የማህፀን ቱቦዎቿ ተዘግተው ነበር። ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ እንቁላሉን ከሆዷ አወጣ፤ ሮበርት ኤድዋርድስና ጂን ፐርዲ በቤተ ሙከራ ውስጥ ከባሏ ዘር ጋር አገናኙት፤ ፅንሱ ተመልሶ ወደ ሌስሊ ማህፀን ገባ። ኤድዋርድስ በ2010 ኖቤል ሲሸለም ሁለቱ ባልደረቦቹ በሕይወት አልነበሩም። ሁሉም ሰው ያየው «የቱቦ ሕፃን» የሚለውን ነገር ነው። አንድ ሌላ ነገር ግን አብሮ ተለውጧል። ፅንሱ ለጥቂት ቀናት ከማንም ሴት ሆድ ውጭ ነበር። ከወጣበት ማህፀን ሌላ ወደሆነ ማህፀንም ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ያም ብዙ አልቆየም። አሜሪካ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ማህፀን የሌላትን ሴት እንቁላል ከባሏ ዘር ጋር አገናኝተው በሌላ ሴት ማህፀን እንዲያድግ ማድረጋቸውን በ1985 አስታወቁ፤ ልጁ በ1986 ተወለደ። አረገዘችው የተባለችው ሴት ከሕፃኑ ጋር የዘር ዝምድና የላትም። ባላና አጋር ያልነበሩበት ቦታ ይሄ ነው።

ቀጣዩ ታሪክ የአፍሪካ ነው፤ እኛ ዘንድ ብዙ አለመነገሩ ይገርመኛል። በደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ክፍል ፃኒን በምትባል ከተማ የምትኖር ካረን ፌሬራ ዦርዥ የምትባል ወጣት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ በደረሰ ችግር ማህፀኗ ወጣ። ኦቫሪዋ ግን ደህና ነበር። እናቷ ፓት አንቶኒ፣ የ48 ዓመት ሴት፣ «እኔ እሸከምልሻለሁ» አለች። የካረን እንቁላሎች ከባሏ ዘር ጋር ተገናኝተው አራት ፅንሶች ወደ ፓት ማህፀን ገቡ፤ ሦስቱ ያዙ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1987 ጆሃንስበርግ ውስጥ ሦስት ሕፃናት በቀዶ ሕክምና ተወለዱ፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። አያት የልጅ ልጆቿን ወለደች።

ቤተሰቡ አልተጣላም፣ ማንም ማንንም አልከሰሰም። ሆኖም የወለደች እናት ናት የሚለው ሕግ ባለበት፣ ፓት ለልጆቹ እናት፣ ለካረን ደግሞ ልጆቿ እህትና ወንድሞቿ ሆኑ። ካረን የራሷን ዘር ለማግኘት የጉዲፈቻ ወረቀት የሚያስፈልጋት ሆነች። ፍቅር ሳይጎድል፣ ሕጉ ብቻ ነገሩን ለመያዝ ጠበበው።

ፍቅር የሌለበት ሲሆንስ? ካሊፎርኒያ ያየችው ያንን ነው። ክሪስፒና ካልቨርት ማህፀኗ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ እንቁላል ግን አላት። አብራት ሆስፒታል የምትሠራ አና ጆንሰን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ልውለድልሽ አለቻት። ጥር 1990 ላይ ውል ተፈራረሙ፤ ለአና 10,000 ዶላር በየጊዜው ሊከፈላት፣ በሕይወቷም ላይ የ200,000 ዶላር ኢንሹራንስ ሊገባላት። ብዙ ሳይቆይ ተቃቃሩ። ባልና ሚስቱ አና ከዚህ በፊት ፅንስ እንደወረዳትና ሞቶ የተወለደ ልጅ እንደነበራት አልነገረችንም አሉ። አና ደግሞ ለኢንሹራንሱ አልደከሙልኝም፣ ያለጊዜው ምጥ ሲጀምረኝም ጥለውኛል አለች። ክሱ ፍርድ ቤት የደረሰው ልጁ ከመወለዱ በፊት ነው። ልጁ መስከረም 1990 ተወለደ።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 ፍርዱን ሲሰጥ ሐቁን አልደበቀም፦ በግዛቱ ሕግ መሠረት ሁለቱም ሴቶች የእናትነት ማስረጃ አቅርበዋል፤ አንዷ በመውለድ፣ ሌላዋ በዘር። ሕጉ ግን በዚያን ጊዜ ለአንድ ልጅ አንድ እናት ነበር የሚያውቀው። ስለዚህ ዳኞቹ ሦስተኛ ሚዛን አመጡ፤ ይህ ልጅ እንዲወለድ ያሰበችውና እንደራሷ ልጅ ልታሳድገው የተነሳችው ማን ናት? ክሪስፒና። አና ተረታች። በልዩነት የቆሙት ዳኛ ጆይስ ኬናርድ ግን ሐሳብ ብቻውን አይበቃም፣ መታየት ያለበት ለልጁ የሚበጀው ነው አሉ። እኔ ይህን ፍርድ ሳነብ ራሔል ትዝ ትለኛለች። ፍርድ ቤቱ በዘመናዊ ቋንቋ ያለው፣ ልጁ ሊያርፍበት የታሰበው ጉልበት የማን ነው ነውና።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ገበያ ሆነ። ሕንድ ውስጥ፣ በተለይ ጉጃራት ባለችው አናንድ ከተማ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ባልና ሚስቶች በክፍያ ልጅ ያስወልዱ ጀመር። በ2008 አንድ የጃፓን ባልና ሚስት ሕፃኗ ሳትወለድ ተፋቱና፣ ልጅቷ ያለ ዜግነት ሰነድ ተንገላታች። ሕንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ በክፍያ መውለድን ከለከለች። ከሕንድ የተገፋው ገበያ ከፊሉ ኔፓል ገብቶ ነበር። ሚያዝያ 2015 ላይ ካትማንዱን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት እስራኤል ለዜጎቿ የተወለዱ ሕፃናትን በአውሮፕላን አወጣች። ከወለዷቸው ሴቶች ብዙዎቹ ለዚሁ ሥራ ድንበር ተሻግረው የመጡ ሕንዳውያን ነበሩ። ፎቶዎቹ የሕፃናቱ ናቸው። በዚያው ዓመት የኔፓል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሠራሩን አስቆመው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ እኛን ምን አገባን? አገባን። «ወላድ በድባብ ትሂድ» በሚባልበት አገር ልጅ ያጣች ሴት ምን እንደምትሰማ ሁላችንም እናውቃለን። በ2011 ዓ.ም. ጳውሎስ ሆስፒታል ፅንስን ከማህፀን ውጭ የሚያዘጋጅ የመንግሥት ማዕከል ከፍቷል። ክሊቭላንድ በ1985 የነበረው እውቀት ዛሬ አዲስ አበባ አለ።

የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ታናሽ እህት በመጀመሪያ ምጧ ማህፀኗ ተቀደደ። ልጁም ማህፀኗም አልተረፉም። ባልደረባዬ ሁለት ልጆች አሏት፣ ባሏም ደግ ሰው ነው። «እኔ ብሸከምላትስ?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ። ሐሳቡን በቤተሰብ ሕጋችን ስናሰላው ውጤቱ እንዲህ ነው። የምትወልደው ልጅ እናት እሷ ናት። አባቱ የእሷ ባል ነው ተብሎ ይገመታል። የታናሽየው ባል፣ የዘሩ ባለቤት፣ በወረቀት አጎት እንኳን አይባልም፤ የእናትየው እህት ባል ነው። እህቲቱም የገዛ ልጇን በጉዲፈቻ ለመውሰድ ፍርድ ቤት መቅረብ ሊኖርባት ነው። ፃኒን፣ 1987።

ደቡብ አፍሪካ ግን እዚያው አልቀረችም። ከ2010 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የሕፃናት ሕጓ መሠረት፣ ፅንሱ ወደ ማህፀን ከመግባቱ በፊት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሉን አይቶ ማጽደቅ አለበት። የምታረግዘው ሴት ከዚህ በፊት ወልዳ በሕይወት ያለ የራሷ ልጅ ያላት መሆን አለባት። ዋጋ አይከፈላትም፤ ወጪዋና የቀረባት ገቢ ግን ይሸፈናል። ውሉ ከጸደቀ ልጁ ከተወለደባት ሰዓት ጀምሮ የአስወላጆቹ ነው። እኔን የገረመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። አጋርን ማንም አልጠየቃትም፤ አና ጆንሰንን ዳኛ የሰማት ከተጣሉ በኋላ ነው። እዚህ ግን ሴትየዋ ዳኛ ፊት የምትቀርበው ሆዷ ባዶ ሳለ፣ እምቢ ማለት በምትችልበት ጊዜ ነው።

ይሄንን ለባልደረባዬ ነገርኳት። ልጁ በማን ስም እንደሚመዘገብ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ስለ ካሊፎርኒያው ኢንሹራንስ ነው መልሳ የጠየቀችኝ። «እህቴ ምጥ ላይ ምን እንደሆነች አይተሃል» አለች። «እኔ ብሞት ለሁለቱ ልጆቼ ምን ይቀራል? እሱንስ የሚጽፍ ሕግ አለ?»