ከቦርዶ እስከ ሰበታ፦ ጌታው ሲቀየር የማይቀየር ስም

ዓለም ገናን አልፎ ወደ ሰበታ የሚዘልቀውን የጅማ መንገድ በአቧራው፣ በከባድ መኪናውና በሜታ ቢራ ነው የምናውቀው። የፈረንሳይ ወይን ጠጅ ታሪክ በዚህ በኩል ያልፋል ብንላችሁ ትስቁብን ይሆናል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጠራው።)

በቦርዶ አካባቢ፣ ዢሮንድ በሚባለው ሰፊ የወንዝ አፍ ዳር፣ ሻቶ ቤሽቬል የተባለ ርስት አለ። «ሻቶ» ቃሉ ግንብ ማለት ነው፤ በወይን ሰዎች አፍ ግን ከግንቡ ይልቅ መሬቱን ይመለከታል። ወይኑ እዚያው ይበቅላል፣ እዚያው ይለቀማል፣ እዚያው ይጠመቃል። ካበርኔ ሶቪኞንና መርሎ ከሚባሉት የወይን ዝርያዎች የሚሠራው ቀይ ወይን በእንጨት በርሜል ከዓመት በላይ ከርሞ ነው ጠርሙስ የሚገባው።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የርስቱ ጌታ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው የኤፔርኖን መስፍን ነበር። በወንዙ የሚያልፉ መርከቦች ለክብሩ ሸራቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፣ ስሙም ከዚያ መጣ ይባላል። ዛሬም በጠርሙሱ ላይ ያለችው መርከብ ሸራዋ እንደወረደ ነው።

በ1855 በሦስተኛው ናፖሊዮን ጊዜ የቦርዶ ወይኖች በአምስት ደረጃ ሲመደቡ ቤሽቬል አራተኛውን አገኘ። ከዚያ ወዲህ ርስቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። ስሙና ደረጃው ግን ንቅንቅ አላሉም። በ2011 ደግሞ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከጃፓኑ ሳንቶሪ ጋር የርስቱ ባለቤት ሆነ።

ካስቴል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከስፔን የተሰደደ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ፒየር ካስቴል ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር በ1949 ያቋቋመው የወይን ንግድ ነው። በ1990 ቢጂአይን ገዛ፤ ቢጂአይ ደግሞ በ1998 የእኛን ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ። ቀጥሎ ከቦርዶ የወይን ችግኝ አምጥቶ ዝዋይ ላይ ተከለ። እርሻውን ከጉማሬና ከዘንዶ ለመጠበቅ ዙሪያውን ቦይ አስቆፈረ። በ2014 ወይኑ ለገበያ ቀረበ። መርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ዝዋይ ላይ አፈሩ ማለት ነው!

አሁን ወደ ሰበታ እንመለስ። ሜታ ስሙን ያገኘው ከሜታ አቦ ነው። በ1960ዎቹ የተቋቋመው ፋብሪካ በ1975 በደርግ ተወረሰ፣ በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጂዮ ተሸጠ፣ በ2022 ደግሞ ቢጂአይ ጠቀለለው። ቤሽቬልና ሜታ በአንድ ቤተሰብ ጥላ ሥር ገቡ። ባለ አክሲዮን፣ ደርግ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ ሁሉ ሲፈራረቁበት ሜታ ግን ሜታ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ፈረንሳዮች የቦታን ስም በሕግ አጥረውታል። ከ1935 ጀምሮ ባለው ሥርዓት፣ ሌላ ቦታ የበቀለ ወይን የቦርዶን ስም ሊለጥፍ አይችልም። ገበሬው የሚሸጠው ጭማቂ ብቻ ሳይሆን አፈሩንም ነው። የዝዋዩ ወይን ግን ገበያ የወጣው «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» ተብሎ ነው። ስምጥ ሸለቆ ከኢትዮጵያ አልፎ እስከ ሞዛምቢክ ይወርዳል፤ ግራርም የትም ይበቅላል። ዝዋይ የት ሄደች? የአገር ቤቱ ጉደር እንኳ የከተማ ስም ይዟል።

ነገሩ የስም ፍቅር ብቻ አይደለም። አገራችን በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ ከስታርባክስ ጋር የተሟገተችው፣ በ2007 ስምምነት እስኪደረስ የታገለችው፣ ስሙ ገንዘብ ስለሆነ ነው። ስሙን ያስከበረ ገበሬ ዋጋ ሲነሳ አፉን ሞልቶ ይናገራል።

እንግዲህ የእኛ ነገር ይህ ነው። ፋብሪካ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ዛሬ ሰበታና ዓለም ገናም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ባለሀብቱ ይምጣ፣ ካፒታሉንም ዕውቀቱንም ይዞ ይምጣ፤ ጠላቶች አይደለንም። ግን ካስቴል አገሩ ላይ የሚያከብረውን ደንብ እኛም ልንጠይቀው ይገባል፦ ከመሬታችን የወጣ ጠርሙስ የመሬታችንን ስም ይጥራ።