ከአያቷ የተማረችው ባለመድኃኒት

ሴት ልጅ ሲያማት ለማን ትናገራለች? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ አገርና በብዙ ዘመን ሰው የሞተበት ጥያቄ ነው። የጥርስ ሕመም ለማንም ይነገራል፤ ጉንፋንም በአደባባይ ይሳላል። የወር አበባ መብዛት፥ የማሕፀን ሕመም፥ ከወሊድ በኋላ አልቆም ያለ ደም ግን በእናትና በልጅ መካከል እንኳ በሹክሹክታ የሚያልፍ ነው። ስለዚህ የሴቶች ሕክምና ታሪክ የመድኃኒት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የማን ጆሮ ሰማ፥ የማንስ እጅ ዳሰሰ የሚለውም ታሪክ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ በቂሊንጦ የምትኖር አንዲት ወጣት «የቻይናን ሕክምና ተምሬ ሴቶችን አክማለሁ» ብትል ጎረቤቶቿ ይስቁባት ይሆናል። ሐሳቡ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቂሊንጦ ትናንት የእርሻ መሬት ነበረ፤ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፥ ዩኒቨርሲቲና ለመድኃኒት ማምረቻ የተከለለ የኢንዱስትሪ ፓርክ አሉበት። በዚያው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማም ጥሩነሽ ቤጂንግ የሚባል ሆስፒታል ይገኛል። ስሙን ያገኘው በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ በ10,000 እና በ5,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ካመጣችው ከጥሩነሽ ዲባባ ነው። ሕንፃውን በዕርዳታ ያሠራው የቻይና መንግሥት ነው። የቻይና የሕክምና ቡድኖች ወደ አገራችን መምጣት የጀመሩት ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፥ የመጀመሪያዎቹ ከሄናን ክፍለ ሀገር የተላኩ ነበሩ። ከእነዚህ እንግዶች መካከል በቀጫጭን መርፌ የሚያክሙ፥ አኩፓንክቸር የሚባለውን ጥበብ የሚያውቁ ሐኪሞችም ነበሩባቸው። (የውጭውን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁና አንባቢ እንዳይደናገር።)

እንግዲህ ያቺ ወጣት ልትገባበት የምትመኘው ቤት ማን የሠራው እንደ ሆነ እንመልከት።

በሰባተኛው መቶ ዓመት ሱን ስሚያው የሚባል አንድ የቻይና ሊቅ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ652 ገደማ ትልቅ የመድኃኒት መጽሐፍ ጻፈ፤ ርእሱንም «የሺህ ወርቅ መድኃኒቶች» አለው፤ የሰው ሕይወት ከሺህ ወርቅ ይበልጣል ማለቱ ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ጸሐፊዎች የሴቶችን ሕመም በመጽሐፋቸው ጅራት ላይ ያስቀምጡት ነበር። እርሱ ግን ወደ ፊት አምጥቶ በመጀመሪያዎቹ ጥራዞች ውስጥ አኖረው። ሴቶችን ማከም ወንዶችን ከማከም እጥፍ ድርብ እንደሚከብድም ተናገረ። ከሁሉ የሚገርመው ምክሩ ነው፤ ሞግዚቶችም ሳይቀሩ ይህን ክፍል እንዲማሩ፥ አንዳንድ ቅጂም ጽፈው ሁልጊዜ በብብታቸው ይዘው እንዲዞሩ አዘዘ። ያን ጊዜ ማተሚያ ገና አልተስፋፋም፤ መጽሐፍ በእጅ የሚገለበጥ ውድ ነገር ነበረ።

ምክሩ መልካም ነበር፤ ልማዱ ግን አልተለወጠም። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነበረ። የጨዋ ቤት ሴት በመጋረጃ ጀርባ ሆና እጇን ብቻ ትዘረጋለታለች፤ እርሱም የደም ሥሯን ዳስሶ፥ የቀረውን ከባሏ ጠይቆ፥ መድኃኒት ያዛል። እንዲህ ባለው አኳኋን ስንቱ ነገር እንደሚሰወር ማሰብ አያዳግትም።

ታን ዩንሺየን የተወለደችው በዚህ ልማድ ውስጥ ነው፤ ዘመኑ 1461፥ ከተማው ዉሺ። አያቷ (የአባቷ እናት) ሕክምና ያውቁ ነበር፤ ልጅቱንም ብልኅ ሆና ስላገኟት ገና በልጅነቷ የመድኃኒት መጻሕፍትን በቃሏ እንድታጠና አደረጓት። አግብታ ወለደች፤ ታመመችም። በተማረችው ራሷን አከመች። ልጆቿ ሲታመሙም እንዲሁ። ወሬው በጎረቤት ሲዳረስ ለወንድ ሐኪም ገላቸውን ማሳየት ቀርቶ ሕመማቸውን መናገር ያሳፈራቸው ሴቶች ወደ እርሷ ይመጡ ጀመር።

በ1511 ዕድሜዋ ወደ አምሳ ሲደርስ ያከመቻቸውን ሴቶች ታሪክ ጻፈች። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ 31 ታካሚዎች ብቻ አሉበት፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው። ሴት ልጅ ወደ ማተሚያ ቤት ወጥታ መነጋገር ስለማይፈቀድላት ወንድ ልጇ የኅትመቱን ሥራ እንዲያስፈጽምላት አደረገች። በዘመኗ የነበሩ ወንዶች የጻፏቸው መጻሕፍት ስለ ያንግና ዪን፥ ስለ አምስቱ ባሕርያት ብዙ ገጽ ይፈጃሉ። እርሷም ያን ትምህርት ታውቀዋለች፤ በእርሱም ትሠራለች። ነገር ግን ሴት ስትመጣላት መጀመሪያ የምትጠይቀው ምን ትሠራለሽ፥ ምን አሳዘነሽ፥ እንዴት ታድሪያለሽ የሚለውን ነው። ከታካሚዎቿ አንዲቱ ጡብና ሸክላ የምትሠራ፥ ሌሊቱን ሳይቀር ስትደክም የምታድር፥ ደሟ ለወራት አልቆም ያላት ሴት ናት። ታን ዩንሺየን የደሙን ምክንያት ከድካሙ ጋር አያይዛ ጻፈችው። በዘመናችን «ምሉዕ ሕክምና» እያሉ በውድ ዋጋ የሚሸጡት ነገር ፍሬው ይኸው ነው፤ ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሴቲቱን ማየት።

ከመድኃኒቶቿ አንዱ ሞክሳ ነበረ፤ የደረቀ ቅጠል ከገላ አጠገብ እያጨሱ ማሞቅ ነው። ቅጠሉ የእኛው የአሪቲ የሥጋ ዘመድ ነው። አንባቢዬ ይህን ዝምድና ያስታውሰው፤ ወደ ኋላ ተመልሰን እንመጣበታለን።

ይህች ሴት ብቻዋን አልነበረችም፤ ቻይና በየመንደሩ እንደ እኛ አገር የልምድ አዋላጆች ነበሯት። ብዙ ሕይወት አድነዋል፤ ነገር ግን እትብት ባልጸዳ መሣሪያ እየቆረጡ ሳያውቁ ብዙ ሕፃናትን በመንጋጋ ቆልፍ አሳጥተዋል። ያንግ ቾንግሩይ የምትባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 በቤጂንግ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ስታቋቁም እነዚህን አሮጊቶች አላባረረችም፤ ሰብስባ እጅ መታጠብንና መቀስ መቀቀልን አስተማረቻቸው እንጂ። ለእኔ ይህ ከብዙ የጦር ድል ይበልጥብኛል።

የቻይና ሕክምና በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተደራጀው ዘግይቶ ነው። በ1956 በቤጂንግ፥ በሻንጋይ፥ በጓንግዡና በቼንግዱ አራት ኮሌጆች ተከፈቱ። ዛሬ በዚያ አገር ይህን ሙያ በዲግሪ ለመማር አምስት ዓመት ያስፈልጋል፤ ተማሪውም ከመርፌውና ከቅጠሉ ጋር የሰውነት አካላትንና የዘመናዊ ሕክምናን ትምህርት ይማራል። በጥቂት ሳምንት ሥልጠና ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፥ ወጣቶች ሆይ፥ እነዚያን አምስት ዓመታት አስታውሱ።

አሁን ወደ አሪቲ ዘመዶች እንመለስ። በ1967 የቻይና መንግሥት የወባ መድኃኒት ፍለጋ ጀመረ። ሥራው ከተሰጣቸው አንዷ ቱ ዩዩ የምትባል የመድኃኒት ቅመማ ዐዋቂ ነበረች። እርሷና ባልደረቦቿ ከጥንት መጻሕፍትና ከባለመድኃኒቶች ወደ 2,000 የሚደርሱ ቅመሞችን ሰበሰቡ። ቺንግሃው የሚባለው ተክል አንድ ጊዜ ይሠራል፥ አንድ ጊዜ ይከሽፋል። በመጨረሻ በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ጌ ሆንግ የጻፈውን ደግማ ብታነብ ተክሉ በውኃ ተነክሮ እንዲጨመቅ እንጂ እንዲፈላ አላዘዘም። ለካስ የሚያበላሸው ሙቀቱ ኖሯል! በዝቅተኛ ሙቀት ስታወጣው ሠራ፤ ለሌላ ከመስጠቷም በፊት በ1972 ራሷ ጠጣችው። አርቴሚሲኒን የተባለው ይህ ነው፤ ኢትዮጵያም በ2004 እ.ኤ.አ. ከእርሱ የተሠራውን መድኃኒት ለወባ ሕክምና ተቀበለች። ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ከዚህ ተነሥቶ አሪቲ አፍልቶ ለወባ መጠጣት ግን ስሕተት ነው፤ ዘመድ መሆን አንድ መሆን አይደለም።

የስም መመሳሰል ያመጣውን መከራ ቤልጅጎች ያውቁታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ አንድ ክሊኒክ ክብደት መቀነስ ለፈለጉ ሴቶች የቻይና ቅጠል የተቀላቀለበት ኪኒን ይሰጥ ነበር። ሃን ፋንግጂ የሚባለው ሥር ሊገባ ሲገባው ጓንግ ፋንግጂ የሚባል ሌላ ሥር ገባበት። ሁለተኛው ኩላሊትን የሚያጠፋ መርዝ አለው። ከ100 በላይ ሴቶች ተጎዱ፤ ብዙዎቹ የሌላ ሰው ኩላሊት እስኪተከልላቸው ደረሱ፤ በኋላም በሽንት ቧንቧቸው ላይ ካንሰር የወጣባቸው ነበሩ። ሴቶቹ የታመሙ አልነበሩም። ለመቅጠን የመጡ ጤነኞች ነበሩ።

መርፌውስ? እዚህ ላይ የቻይና ሐኪሞች ራሳቸው ያደረጉት ነገር ሊነገር ይገባዋል። በቻይና በብዙ ሆስፒታሎች 1,000 ሴቶችን ይዘው ፈተና አደረጉ። ሴቶቹ እንቁላል በወቅቱ ባለመውጣቱ ልጅ ያልያዙ ነበሩ። ለአንዳንዶቹ እውነተኛ መርፌ፥ ለአንዳንዶቹ ለይምሰል የሆነ መርፌ ወጉ፤ ከዚያም ጋር ለግማሾቹ ክሎሚፊን የሚባለውን ኪኒን፥ ለግማሾቹ ፍሬ የሌለው ኪኒን ሰጡ። ውጤቱ በ2017 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ታተመ። ክሎሚፊን ከወሰዱት ከመቶው 29 ያህሉ ልጅ ታቀፉ፤ ካልወሰዱት 15 ያህሉ። መርፌው ግን አንዳችም አልጨመረም። ለወር አበባ ሕመም መርፌው እፎይታ እንደሰጣቸው የሚናገሩ ብዙ ሴቶች አሉ፤ በዚህ ላይ ተመራማሪዎች ገና አንድ ቃል አልሆኑም። የሚያስመሰግነው ግን አገራቸው የምትኮራበትን ጥበብ ፈትነው «በዚህ ሕመም አልሠራም» ብለው በአደባባይ መጻፋቸው ነው። የእኛ ባለመድኃኒቶች ምስጢሬ ይወጣብኛል ብለው ቅጠሉን ጎንበስ ብለው በጨለማ ይቆርጣሉ፤ የሠራውም ያልሠራውም አብሯቸው ይቀበራል።

የቂሊንጦዋ ወጣት የሩቁን ስታይ የቅርቡን እንዳትረሳ አንዲት የአገሯን ሴት እጠቅስላታለሁ። በ1950ዎቹ መካከል ማሚቱ ጋሼ የምትባል የገጠር ልጅ በምጥ ተጎድታ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት አዲስ አበባ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጣች። ልጇ ሞቶባታል። ማንበብም አትችልም ነበር። በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን አከሟት። ከዚያም አልጋ ስታነጥፍ፥ ሕሙማንን ስታጽናና፥ በቀዶ ጥገና ጊዜ መሣሪያ ስታቀብል ቆየች። ሐኪሞቹ እጇን አይተው እነርሱ የሚሠሩትን አስተማሯት። የፊስቱላ ሆስፒታል በ1967 ዓ.ም. ሲከፈት አብራቸው ነበረች፤ ከጊዜ በኋላም ከውጭ አገር ለመጡ ሐኪሞች ቀዶ ጥገናውን የምታሳይ እርሷ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሁለቱ ሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳይ ሰጣት። የታመመች ሴት የምታፍርበትን ነገር እርሷ አስቀድማ ታውቀዋለች፤ መጽሐፍ የማያስተምረው ይህ ነው።

እንግዲህ ወጣቷ ብትጠይቀኝ መጀመሪያ በአገሯ አዋላጅነትን ተምራ ፈቃድ ታውጣ፤ ከዚያ ቋንቋውን አጥንታ ቻይና ትሂድ እላታለሁ። ደም የሚፈሳትን እናት መርፌ አያቆምላትም፤ ከማሕፀን ውጭ የተረገዘም ጽንስ በቅጠል አይወርድም። እነዚህን ለይታ በአምቡላንስ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ለመላክ የምትችለው ያን ትምህርት ከያዘች ብቻ ነው። የቀረውን፥ የወገብ ሕመሙን፥ እንቅልፍ ማጣቱን፥ የሐዘኑን ነገር ቁጭ ብላ ትስማ፤ የሰማችውንም በደብተር ትጻፍ።

የታን ዩንሺየን መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው ጠፍቷል። በ1585፥ እርሷ ከሞተች ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፥ ከቤተ ዘመዶቿ አንዱ አንድ ቅጂ አግኝቶ እንደ ገና አሳተመው። ዛሬ የሚነበበው ያ ነው፤ ሠላሳ አንዱም ሴቶች ከነሥራቸውና ከነሐዘናቸው አሉበት።