ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ሹራ

አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናንን ካወደሰባቸው ባሕርያት አንዱ ጉዳያቸውን በሹራ መፈጸማቸው ነው። ሹራ በልጆች ትምህርት ላይ ምን ፍሬ እንደሚያፈራ የሕንድ ሙስሊሞች ታሪክ ያስተምረናል።

በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን በዚያ አገር ብዙ ሙስሊም ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አይልኩም ነበር። ሰይድ አሕመድ ኻን ምክንያቱን ከራሱ ከሕዝቡ ለመስማት ፈለጉ። በ1870 እ.ኤ.አ. በቤናረስ ከተማ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ችግሩንና መፍትሔውን ጽፎ ለሚያቀርብ ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቁ። 32 ጽሑፎች ቀረቡ። ከዋነኞቹ ቅሬታዎች አንዱ የዲን ትምህርት አለመሰጠቱ ነበር።

ከዚያም መዋጮ ተሰብስቦ በ1875 በአሊጋር ከተማ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዘመናዊው ዕውቀትና የዲን ትምህርት ጎን ለጎን ተሰጡ። የሰይድ አሕመድን ሃይማኖታዊ አመለካከት ብዙ ዑለማዎች አጥብቀው ይቃወሙ ስለነበር፣ እርሳቸው ከዲን ትምህርቱ አመራር ራሳቸውን አገለሉ። ወላጅ እንዲያምን መሥራቹ ወደ ኋላ አሉ። ያ ተቋም በ1920 ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

እኛም በየከተማችን የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ስናቋቁም ወላጅን ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡንም እንጠይቀው። የሚመረውንም ቢነግረን እንስማው። ሐሳቡ የተሰማለት ወላጅ ትምህርት ቤቱን የራሱ ያደርገዋል፤ ያልተጠየቀው ግን ከደጅ ቆሞ እንደ እንግዳ ያየዋል። ወላሁ አዕለም።