የኦም ሕግ ታሪክ፦ በሣጥን ከተቆለፈ ልኬት እስከ ፓሪስ ጉባኤ

የኤሌክትሪክ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ከሚያጠናቸው ነገሮች መካከል ሁለት አጫጭር ስሌቶች ይገኛሉ። ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል ሬዚስታንስን፣ ማለትም ሽቦው ፍሰቱን የሚያግድበትን መጠን ይሰጣል፤ ቮልቴጅ በከረንት ሲባዛ ደግሞ በዋት የሚለካውን ኃይል ይሰጣል። ስሌቶቹ እጅግ ቀላል ከመሆናቸው የተነሣ ታሪክ ያላቸው አይመስልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታሪክ እንዳላቸው፣ ታሪካቸውም ስለ ዕውቀት አያያዝ ብዙ የሚያስተምር መሆኑን በአጭሩ ማሳየት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን አስቀድሞ የመረመረው እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ ነበር። በ1770ዎቹና በ1781 ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ፍሰትን የሚለካ መሣሪያ ገና ስላልነበረ፣ የገዛ ሰውነቱን መለኪያ አደረገ። ኤሌክትሪኩ በጨው ውሃ ውስጥ አልፎ ሲመታው የሚሰማውን የንዝረት ጥንካሬ እያነጻጸረ ከኦም ሕግ ጋር የሚስማማ ውጤት ላይ ደረሰ። ይሁን እንጂ ውጤቱን አላሳተመውም። ካቨንዲሽ በ1810 ሞተ፤ ወረቀቶቹን ጄምስ ክላርክ ማክስዌል አዘጋጅቶ ለንባብ ያበቃቸው በ1879 ነው። በዚያን ጊዜ ሕጉ የሌላ ሰው ስም ከያዘ ቆይቷል።

ያ ሌላው ሰው ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። በ1789 በጀርመን በኤርላንገን ከተማ የተወለደ የቁልፍ ሠሪ ልጅ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትምህርቱን ያገኘው በራሱ ጥረት ሒሳብ ከተማረው አባቱ ነው። ከ1817 ጀምሮ በኮሎኝ ከተማ በቀድሞው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ሲሠራ ምርምሩን ጀመረ። በ1825 ያወጣው የመጀመሪያ ቀመር የተሳሳተ ነበር፤ አንዱ ምክንያት የኤሌክትሪክ ምንጩ ነው። በዘመኑ ይሠራበት የነበረው የቮልታ ባትሪ በሥራ ላይ ሳለ ግፊቱ ስለሚዋዥቅ፣ የታየው ለውጥ ከሽቦው ይምጣ ከባትሪው ለመለየት ያስቸግር ነበር።

መፍትሔውን የጠቆመው የፊዚክስ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ፖገንዶርፍ ነው። ዜቤክ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አግኝቶ ነበር። ኦምም በ1826 መዳብንና ቢስመትን አጋጥሞ አንዱን ጫፍ በሚፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አቆየ። የፈላ ውሃና የበረዶ ሙቀት ስለማይለዋወጥ ግፊቱም ጸና። ከዚያም ውፍረታቸው እኩል፣ ርዝመታቸው የተለያየ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ እያገናኘ፣ ፍሰቱ የማግኔት መርፌን ምን ያህል እንደሚያዞር ለካ። ሽቦው በረዘመ መጠን ፍሰቱ የሚቀንስበትን ትክክለኛ ቀመር ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

በ1827 በበርሊን ያሳተመው መጽሐፍ ግን የጠበቀውን አቀባበል አላገኘም። ፍልስፍናን ከልኬት የሚያስቀድሙ ምሁራን አጥላሉት። በእርግጥ መጽሐፉ ራሱ በሒሳብ የከበደና ሙከራውን በስፋት የማያስረዳ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በተቺዎች ላይ መጫን አይገባም። ኦም የኮሎኝ ሥራውን ለቆ፣ በ1833 በኑረምበርግ ቋሚ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ በበርሊን ሒሳብ እያስተማረ በዝቅተኛ ገቢ ኖረ። በላይፕዚግ ፌክነር በ1831 ልኬቱን አረጋግጦለታል። ታላቁ ክብር ግን የመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1841 የኮፕሊ ሜዳልያ ሸለመው። የሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ወንበር የደረሰው በ1852፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነበር።

ሁለተኛው ስሌት፣ የኃይሉ፣ ሥሩ የእንግሊዛዊው የቢራ ጠማቂ ልጅ የጄምስ ጁል ሥራ ነው። ጁል የተጠመጠመ ሽቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ የውሃውን ሙቀት በቴርሞሜትር በመለካት፣ ሙቀቱ ከሬዚስታንሱና ከከረንቱ ስኩዌር ጋር እንደሚያድግ በ1841 አሳተመ። ይህ ከኦም ሕግ ጋር ሲጣመር ኃይል የቮልቴጅና የከረንት ብዜት ይሆናል። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ኦምን፣ ቮልትንና አምፔርን መለኪያ አድርጎ ተቀበለ፤ ዋት በ1889 ተከተለ።

የስሌቶቹን ጥቅም ከአገሩ ርቆ ለሚኖር አንባቢ ለማስረዳት የእንጀራ ምጣድ ይበቃል። በኢትዮጵያው 220 ቮልት 10 አምፔር የሚስብ ምጣድ ሬዚስታንሱ 22 ኦም፣ ኃይሉ 2,200 ዋት ነው። ይኸው ምጣድ በአሜሪካው 120 ቮልት ቢሰካ፣ ሬዚስታንሱ ሳይለወጥ፣ የሚስበው 5.45 አምፔር ገደማ፣ ኃይሉም 655 ዋት ገደማ ብቻ ይሆናል። ቮልቴጁ በግማሽ እንኳ ሳይቀንስ ኃይሉ ከሲሶ በታች የሚወርደው ከቮልቴጁ ጋር ከረንቱም አብሮ ስለሚቀንስ ነው። ምጣዱ አልተበላሸም፤ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም።

ካቨንዲሽና ኦም ያገኙት እውነት አንድ ነው። የመጀመሪያው ሀብትም ዝናም ሳያጣ ግኝቱን በሣጥን አስቀረው፤ ሁለተኛው ሁለቱንም አጥቶ አሳተመው። የታተመውን ተቺዎች ሊያዘገዩት እንጂ ሊያጠፉት አልቻሉም፤ መዳብ፣ በረዶና የፈላ ውሃ ያለው ሁሉ ራሱ ለክቶ ሊያረጋግጠው ይችል ነበርና። በየስደት አገሩ በመሳቢያ ውስጥ ያሉ የምርምር ወረቀቶቻችንም በባለቤቶቻቸው ዕድሜ ለሌላ ዓይን ካልቀረቡ፣ እንደ ካቨንዲሽ ወረቀቶች ማክስዌል እንደሚያገኙ ዋስትና የላቸውም።