ቱቦውን ማን ይዘርጋው?

የጠብታ መስኖ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጀመረው ከአንድ ዛፍ ነው። ሲምኻ ብላስ የተባለው የውሃ መሐንዲስ ራሱ እንደተረከው፣ በ1930ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፍልስጤም ምድር ማንም ሳያጠጣው ከጎረቤቶቹ ልቆ የለመለመ ዛፍ አየ። ሥሩን ቢመረምር ከቧንቧ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አገኘ። ሐሳቡ ግን ርካሽ ፕላስቲክ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። ውሃው በጠባብና ረጅም ጠመዝማዛ መንገድ አልፎ ኃይሉ ሲሰበር ጠብ እንዲል አደረገ። በ1965 በነጌቭ በረሃ፣ በጨዋማ መሬት ላይ የተቀመጠው የሐጼሪም ኪቡጽ ከብላስ ጋር ተዋውሎ ኔታፊምን አቋቋመ።

ታሪኩ ደስ ይላል። እኔ ግን የዛፉ ወሬ ዋናውን ነገር ይሸፍናል ባይ ነኝ። ዛፍ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ቱቦው አንዴ ከተዘረጋ ለዓመታት ከሥሩ ይተኛል። ጥጥ ግን በየዓመቱ ይዘራል፣ ይለቀማል፣ አገዳው ይነቀላል፣ መሬቱም ይታረሳል። ቱቦው ማሳው ላይ ቢቀር ማረሻ ይቆራርጠዋል። ለሁለት ረድፍ ጥጥ አንድ ቱቦ ቢደረግና በቱቦዎቹ መካከል 2 ሜትር ቢኖር፣ ለ1 ሄክታር 5 ኪሎ ሜትር ቱቦ ያስፈልጋል። ለ100 ሄክታር 500 ኪሎ ሜትር! ከአዲስ አበባ ተነስቶ ድሬዳዋ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ይህን ሁሉ በየዓመቱ በእጁ ዘርግቶ በእጁ የሚሰበስብ ማን ነው?

መልሱ የተገኘው ከትራክተር ነው። የእስራኤል ጥጥ አምራቾች ትራክተር ላይ መጠምጠሚያ ገጥመው ቱቦውን እየፈቱ ዘረጉት፤ የመልቀሚያው ማሽን ከመግባቱ በፊት ደግሞ እየጠቀለሉ አነሱት። ጠብታ ለሰፊ የጥጥ ማሳ የሚያዋጣው እንዲህ ሲሆን ነበር።

ይህን የምጽፈው አዋሽን እያሰብኩ ነው። የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቀቀ፤ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ሰሞን የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ተንዳሆ ላይ ጥጥ ማልማት ጀመረ። አፋሮች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት የወንዝ ዳር መሬት የጥጥ ማሳ ሆነ። ውሃው በፈር ሲለቀቅ ከተክሉ የተረፈው ወደ ታች ሰረገ፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ወጣ፤ ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ጨዉ ከላይ ቀረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ በ1980ዎቹ ከመልካ ሰዲ እርሻ መሬት ከፊሉ ጨው ለብሶ ተተወ። ከአፋሮች የተወሰደው ግጦሽ ለጥጡም ሳይሆን ቀረ።

ጠብታ ቢሆን ኖሮ መሬቱ ይድን ነበርን? በከፊል አዎን። ጠብታ ለተክሉ የሚበቃውን ያህል ስለሚሰጥ ወደ ታች የሚሰርገው ይቀንሳል፤ ጨውንም ከሥሩ አካባቢ ገፍቶ ወደ እርጥበቱ ዳር ያደርሰዋል። ጨው ግን አይጠፋም፤ ዳር ላይ ተጠራቅሞ ይጠብቃል፣ በብዙ ውሃ መታጠብም ይሻል። የአዋሽ ደለልም ያችን ጠባብ መንገድ ስለሚደፍናት ውሃው መጣራት አለበት።

ስለዚህ የጠብታ መስኖ ነገር ሲነሳ የቱቦውን ዋጋ ብቻ አንጠይቅ። ማን ይዘረጋዋል? ማን ያነሳዋል? ውሃውን ማን ያጣራዋል? ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ መሬቱ የማን ነበር?