የጥቅስ ምልክት ከአውሳብዮስ ቀመር እስከ ኮምፒዩተር መዝገብ

ሊቃውንቶቻችን በአንድምታ ትርጓሜ አንድን ነገር በምስክር ሲያጸኑ የመጽሐፉን ቃል ያመጡና «እንዲል» ብለው ያልፋሉ። ምዕራፉን አይነግሩም፤ ቍጥሩንም አይጽፉም። ይህም ከስንፍና የመጣ አይደለም። በጉባኤው የተቀመጠው ደቀ መዝሙር ዳዊቱንና ወንጌሉን፥ ጳውሎሱንም በቃሉ ይዞ ስለሚገኝ፥ የቃሉን ጫፍ በሰማ ጊዜ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ዳሩ ግን ያ ቃል ከጉባኤው ወጥቶ በሩቅ ሀገር ላለ አንባቢ ሲደርስ «እንዲል» ብቻውን አይበቃም። «ማን ይላል? በየትኛው መጽሐፍ? በስንተኛው ቅጠል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት ሥርዓት ረዥም ታሪክ አለው፤ ከሥሮቹም አንዱ የተተከለው በዚሁ በቅድስት ሀገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ሄኖክን በስሙ ጠርቶ፥ ከአዳምም ሰባተኛ መሆኑን ገልጾ ትንቢቱን ጠቅሷል። የምዕራብ ሊቃውንት ይህን ሲያነቡ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ፤ መጽሐፉ ግን በእጃቸው አልነበረም። መንገድ አመልካቹ ቆሞ ከተማው የጠፋ ይመስል ነበር። ጄምስ ብሩስ በ1773 የግዕዙን ቅጂዎች ወደ አውሮጳ ይዞ በተመለሰ ጊዜ፥ በኋላም ሪቻርድ ሎሬንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ባሳተመው ጊዜ፥ በኢትዮጵያ ሙሉ ሆኖ የኖረው መጽሐፍ ከጥቅሱ ጋር ተገናኘ። ሐዋርያው ስሙን ባይጠራ ኖሮ ጥቅሱን ከምንጩ ጋር ማገናኘት እጅግ አስቸጋሪ በሆነ ነበር።

የቂሳርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ በ339 ገደማ የሞተ ሰው ነው። ቂሳርያ በያፋና በሐይፋ መካከል በባሕር ዳር ያለች የጥንት የወደብ ከተማ ስትሆን፥ ፍርስራሿን ዛሬም ተሳላሚዎች ያዩታል። አውሳብዮስ በአርዮስ ነገር ስላሳየው መወላወል ይነቀፋል፤ ነቀፌታውም ያለ ምክንያት አይደለም። በመጻሕፍት አያያዝ ግን ከዘመኑ ሰዎች የሚተካከሉት ጥቂቶች ናቸው። መምህሩ ሰማዕቱ ጳምፊሎስ ባደራጀው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ባለ 10 ክፍሉን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲጽፍ፥ የቀደሙትን ሰዎች ቃል ከነስማቸውና ከነመጽሐፋቸው፥ ብዙ ጊዜም ከነክፍሉ ቍጥር ያመጣል። የኢያራጶሊሱ ፓፒያስ 5 መጻሕፍት ጽፎ ነበር፤ ሄጌሲጶስም እንዲሁ 5 ጽፏል። ሁሉም ጠፍተዋል። ከእነርሱ ከተረፈው ቍራጭ ዋና ዋናው በአውሳብዮስ ጥቅስ ውስጥ ያለው ነው። ጥቅስ የመጽሐፍ መቃብር ጠባቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ለካህናቶቻችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ለቀርጵያኖስ በጻፈው መልእክት ያስረዳው የወንጌል ቀመር ነው። ከእርሱ አስቀድሞ አሞንዮስ እስክንድራዊ የማቴዎስን ንባብ መሠረት አድርጎ ከሦስቱ ወንጌላት የሚመሳሰለውን በጎኑ አሰልፎ ነበር። በዚህ አሠራር የሦስቱ ንባብ ተቈራርጦ ተራውን ያጣል። አውሳብዮስ ንባቡን ሳይነካ ሌላ መንገድ ፈለገ። ማቴዎስን 355፥ ማርቆስን 233፥ ሉቃስን 342፥ ዮሐንስን 232 ክፍል አድርጎ በኅዳጉ ላይ የክፍሉን ቍጥር አኖረ፤ ከበታቹም በቀይ ቀለም ከ1 እስከ 10 ያለውን የሰንጠረዥ ቍጥር ጨመረ። ሰንጠረዦቹ ራሳቸው በመጽሐፉ መጀመሪያ ተጻፉ። የመጀመሪያው አራቱም የሚተባበሩበት፥ የመጨረሻው እያንዳንዱ ብቻውን የሚናገርበት ነው። በማቴዎስ 8ኛ ክፍል፥ በምድረ በዳ የሚጮኸው ድምፅ በተነገረበት ስፍራ፥ ኅዳጉን ያየ አንባቢ ወደ 1ኛው ሰንጠረዥ ይሄዳል፤ በዚያም በመጀመሪያው ተራ ማቴዎስ 8፥ ማርቆስ 2፥ ሉቃስ 7፥ ዮሐንስ 10 ተሰልፈው ያገኛል። በንባቡ ውስጥ ትንሽ ምልክት፥ በሌላ ስፍራ ሙሉ መዝገብ፤ አሳቡ ይህ ነው።

የዚህ ቀመር ሕመም ከጽሑፍ መገልበጥ ጋር መጣ። ጸሐፊው አንዱን የኅዳግ ቍጥር ቢዘል ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ይፋለሳል። ፮ና ፯ በችኰላ ሲጻፉ ይመሳሰላሉ። ቀዩ ቀለም ለኋላ ተብሎ ሳይጻፍ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የተሳሳተው ቍጥር ከትክክለኛው ጋር መልኩ አንድ በመሆኑ አንባቢው መሳሳቱን የሚያውቅበት ምልክት ማጣቱ ነው። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ኅዳጉን ከሰንጠረዡ፥ ሰንጠረዡን ከንባቡ ጋር እያስተያዩ ማረም።

በዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌላት እነዚህን ሰንጠረዦች በዓምድና በቅስት አስጊጠው ይዘዋል። የብራናቸው የካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ አድርጓቸዋል። ብዙ ሰው ግን በእንዲህ ያሉ ወንጌላት ወፎቹንና ሐረጉን አድንቆ ቅጠሉን ይገልጣል እንጂ፥ በዓምዶቹ መካከል ያሉት ቍጥሮች ለሥራ የተቀመጡ መሆናቸውን ልብ አይልም። የሚያሳዝን ነገር ነው።

ይህ የምልክትና የመዝገብ አሳብ በእኛ ዘመን በኮምፒዩተር ላይ እንደ ገና ተወለደ። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ክኑት በ1978 ቴክ የተባለውን የመጽሐፍ ማሰናጃ አወጣ። ሌስሊ ላምፖርት በእርሱ ላይ ላቴክን ሠራ፤ ኦረን ፓታሽኒክም በ1985 ለዋቢ መጻሕፍት የሚያገለግለውን ቢብቴክን ጨመረ። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በግልጽ ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም ቀለምና ጌጥ የሌለበት፥ ፊደልና ምልክት ብቻ የተቀመጠበት፥ ማንኛውም ኮምፒዩተር ሊከፍተው የሚችል ፋይል ማለት ነው። ደራሲው በጽሑፉ ውስጥ ጥቅስ ባለበት ስፍራ አንድ አጭር መለያ ቃል ያኖራል። የጸሐፊው ስም፥ የመጽሐፉ ርእስ፥ የታተመበት ከተማና ዓመት በሌላ ፋይል ይመዘገባሉ። መሣሪያው ሁለቱን አገናኝቶ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ያወጣል። ዛሬ የገድልና የድርሳን እትም የሚያሰናዳ ተማሪ፥ መነኵሴም ቢሆን፥ ይህን መሣሪያ ወይም ወንድሙን ሲጠቀም ይገኛል።

አዲስ ተማሪ በመጀመሪያ የሚደነግጠው በጥቅሱ ስፍራ የጥያቄ ምልክት ታትሞ ሲያይ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ መለያው ቃል በጽሑፉና በመዝገቡ በአንድ ፊደል ተለያይቷል፤ ወይ ሥራው አልተፈጸመም። ላቴክ በመጀመሪያ ዙር መለያዎቹን በረዳት ፋይል ይመዘግባል፤ ቢብቴክ ያን አንብቦ ዝርዝሩን ያሰናዳል፤ ከዚያም ላቴክ ሁለት ጊዜ ደግሞ መሥራት አለበት፤ አንዱ ዝርዝሩን ለማስገባት፥ ሁለተኛው ምልክቶቹን በየቦታቸው ለማኖር። ከመካከል ያቋረጠ ሰው የጥያቄ ምልክት ያገኛል። እኔ ይህን የመሣሪያው ታላቅ በጎነት አድርጌ እቈጥረዋለሁ። የጥንቱ ቀመር ሲሳሳት ዝም ይል ነበር፤ ይህ ግን የማያውቀውን ምንጭ አልፈጥርም ብሎ ጉድለቱን በአደባባይ ያሳያል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው በፈረንጅ ፊደልና በፈረንጅ ስም ልክ የተሰፋ ልብስ ነው፤ ግዕዝ ሲገባበት ይጠባል። ነገሩ ከፊደሉ ይጀምራል። በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ እስኪገባ ድረስ እያንዳንዱ የፊደል ሠሪ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ከዚያ በኋላም ቢሆን በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተሩ ውስጥ 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ ፊደል ግን 1 ብቻ ነው። ጥንታዊው ቢብቴክ ባይቱን እንደ ፊደል ይቈጥራል። ስለዚህ የደራሲውን ስም በመጀመሪያ ፊደሉ አሳጥር ሲሉት ከፊደሉ ሲሶውን ብቻ ቈርጦ ያወጣል፤ በወረቀቱም ላይ ማንም የማያነበው ስብርባሪ ይታተማል። እንዲህ ያለ ስብርባሪ ያየ ሰው የፊደሉን ቅርጽ ሳይወቅስ ቢብቴክን በባይበር ይለውጥ፤ ይህ ከ2000ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወዲህ የመጣ መሣሪያ ዩኒኮድን ያውቃል።

ከፊደሉ የሚብሰው ስም ነው። ቢብቴክ ነጠላ ሰረዝ የሌለበትን ስም ሲያነብ የመጨረሻውን ቃል የቤተ ሰብ ስም ያደርገዋል። በእኛ ዘንድ የአባት ስም የቤተ ሰብ ስም አይደለም፤ ብዙው ስማችንም ጥምር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1920 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር ያሳተሙ ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲሁ ቢሰጠው መሣሪያው «ሥላሴ» በሚል ስም ይመዘግባቸዋል፤ መጽሐፉን ቅድስት ሥላሴ የጻፉት ያስመስላል ማለት ነው! የሀገሩን መጻሕፍት ለመዘርዘር የደከመ ሰው በዝርዝር ውስጥ መጥፋት አይገባውም። «ብላቴን ጌታ» ከፊት ቢጨመር ደግሞ ማዕረጉን የስሙ መጀመሪያ ያደርገዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማዕረጉን ትቶ ሙሉውን ስም በተጨማሪ ጥምዝ ቅንፍ መክበብ። ያን ጊዜ መሣሪያው ስሙን እንደ አንድ ቃል ይቀበለዋል፤ በ«ኅሩይ»ም ይሰለፋል። በ2003 እና በ2014 መካከል በ5 ጥራዝ የታተመው ታላቁ የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፔድያም ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም አላሰለፈም።

ደራሲዎቹ ሁለት ሲሆኑም ጥንቃቄ ያሻል። መሣሪያው ሁለት ሰዎችን የሚለየው በእንግሊዝኛው «ኤንድ» ብቻ ነው፤ «እና» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለቱን ደራሲዎች አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። በመስመሩ መጨረሻ ላይ የላቲኑን ነጠላ ሰረዝ ትቶ በአማርኛው «፣» የዘጋም እንዲሁ መዝገቡን ያፈርሰዋል፤ ዐይን ሁለቱን ስለማይለያቸው ስሕተቱን ሲፈልጉ ቀኑ ይመሻል።

የፊደል ተራ ነገር ደግሞ ለሊቃውንት የሚገባ ክርክር አለበት። ዩኒኮድ የተከተለው ሀለሐመን በመሆኑ መሣሪያው በቍጥር ሲያሰልፍ ተራው በጎ ይወጣል። ነገር ግን አንዱ «ኃይለ»፥ ሌላው «ሀይለ» ብሎ ያሳተመው ያው ስም በሁለት ሩቅ ስፍራ ይወድቃል፤ ሠና ሰ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀም እንደዚሁ ናቸው። በዚህ ጊዜ ደራሲው በመጽሐፉ ላይ ያሳተመውን አጻጻፍ መለወጥ አይገባም፤ ባይበር ለሰልፍ ብቻ የሚያገለግል የስም መስመር ስላለው አንድ የሆነው አጻጻፍ በዚያ ይጻፋል። ተራው ራሱ ሀለሐመ ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። ዘመናቸውን በብዙው በዚህ በኢየሩሳሌም ያሳለፉት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፥ መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሲፈጽሙ ያሰለፉት በአበገደ ነው። መጽሐፉን ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳትመውታል።

ይህ 1948 ራሱ ወጥመድ ነው። በመዝገቡ የዓመት መስመር እንዲሁ ቢገባ መሣሪያው በ1950 በአውሮጳ ከታተመ መጽሐፍ ያስቀድመዋል፤ እውነቱ ግን መዝገበ ቃላቱ የታተመው በ1955 ወይም በ1956 ነው። የፈረንጁን ዓመት በዓመቱ መስመር፥ የእኛን «ዓ.ም.» ጨምሮ በማስታወሻው መስመር ማኖር ይገባል።

ስለ ነጠላ ሰረዝና ስለ ቅንፍ ይህን ያህል መድከም ለምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር፥ የዚህችን ከተማ ታሪክ ያስብ። በ1838 ወረርሽኝ በኢየሩሳሌም የነበሩትን ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ከፈጀ በኋላ የዴር ሡልጣን መጻሕፍታቸው መቃጠላቸው በብዙዎች ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ስለ ይዞታው በተነሣው ክርክር ሁሉ የመጻሕፍቱ መጥፋት ይነሣል። በውስጣቸው ምን ተጽፎ እንደ ነበረ ከነስሙና ከነቅጠሉ ጠቅሶ ያኖረ ሰው ቢገኝ፥ ለገዳሙ ምስክር በሆነ ነበር።

ብራና የሚጠቅስ ሰው ሊጽፈው የሚገባው ጥቂት ነው፤ የገዳሙን ስም፥ የመጽሐፉን ቍጥር፥ የቅጠሉን ቍጥር፥ ፊቱ ወይም ጀርባው መሆኑን፥ ዓምዱንም። መጽሐፉ በማይክሮፊልም ተነሥቶ እንደ ሆነ የፊልሙ ቍጥር ይጨመራል። ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የተነሡት ፊልሞች ከ9,000 በላይ ናቸው፤ ቅጂዎቻቸውም በአሜሪካ በሚኒሶታ፥ በኮሌጅቪል ባለው የቤኔዲክቶሳውያን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃሉ። ከእነዚህ ብራናዎች አንዱ ከመንበሩ ቢታጣ፥ የፊልሙን ቍጥር የጻፈ ሰው ጥቅስ በዚያ ይገኛል።