በጀርባዋ የተኛችው ሸረሪት

በሚኒሶታ ወንዝ ዳር ባለችው ሻኮፒ የበረዶው ወራት ለታራንቱላ የሚሆን አይደለም። እዚያ የምትገኝ ታራንቱላ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ በቤት ሙቀት የምትኖር የቤት እንስሳ ናት። አሳዳሪዋ አንድ ጠዋት እግሮቿን ወደ ላይ አድርጋ በጀርባዋ ተንጋልላ ቢያገኛት መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ “ሞተች” የሚል ነው። ያን ጊዜ አውጥቶ ቢጥላት ግን የጣለው ቆዳዋን በመቀየር ላይ ያለች ሕያው ፍጡር ነው። ይህ ስሕተት ረጅም ታሪክ አለው። ስለ ታራንቱላ ለዘመናት ብዙ ተወርቷል፤ አጠገቧ ተቀምጦ የጠበቃት ግን ጥቂት ሰው ነው።

ስሟ እንኳ የራሷ አይደለም። በደቡብ ጣሊያን በታራንቶ ከተማ አካባቢ በሸረሪት ተነደፈ የተባለ ሰው በሙዚቃና በጭፈራ ይታከም ነበር። ከከተማዋ ስሙን የወሰደው ሸረሪት ሌላ ዝርያ ሲሆን፣ አውሮፓውያን በአሜሪካ ምድር ትልልቆቹን ጠጉራም ሸረሪቶች ሲያዩ ያንኑ ስም ሰጧቸው። ወሬው አገራችንም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ለዓመታት በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ የገዛ ሚስቱን ጭምር ስላመማትና በከበሮና በጭፈራ ስለሚታከም ሕመም ጽፏል። ጀርመናዊው ሐኪም ሄከር ደግሞ በ1832 ይህን ሕመም ከታራንቶው ጭፈራ ጎን አስቀመጠው። በትግራዩ ታሪክ ውስጥ ግን ሸረሪት የለችም።

በ1705 ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን በሱሪናም ያየችውን፣ ትልቅ ሸረሪት ወፍ ስትበላ የሚያሳይ ሥዕል አሳተመች። ብዙዎች ተረት ነው አሏት። በ1863 ሄንሪ ቤትስ ከአማዞን ተመልሶ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኑ ማየቱን ጻፈ። እዚያው መጽሐፍ ላይ ሕፃናት ታራንቱላን ወገቧን በገመድ አስረው እንደ ውሻ ሲጎትቷት ማየቱንም ገልጿል። ታራንቱላን በቤት ስለማኖር ከተጻፉት ቀደምት ወሬዎች አንዱ ይህ ነው።

ትዕግሥቱን ያመጣው በአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ተመራማሪ የነበረው ዊልያም ቤርግ ነው። መርዟ ሰው ይገድላል የሚለውን ወሬ ራሱን በማስነደፍ ፈተነው። ሸረሪቶቹንም ለብዙ ዓመታት አኖረ፤ ሴቶቹ ከ20 ዓመት በላይ እንደሚኖሩም አሳየ። “ታራንቱላ” የተሰኘው መጽሐፉ በ1958 ታትሟል።

ዛሬ አሳዳሪዎች የሚያውቁት ከእንዲህ ያለ ጥበቃ የተገኘ ነው። ቆዳ መቀየሪያዋ ሲደርስ ሸረሪቷ ለሳምንታት ምግብ ትተዋለች፤ ሆዷም ይጠቁራል። ከዚያ ድር አንጥፋ በጀርባዋ ትተኛለች። ፈሳሿን ወደ ፊተኛው አካሏ ገፍታ አሮጌውን ቆዳ ትሰነጥቅና እግሮቿን አንድ በአንድ ትመዛለች። ለትልቅ ሸረሪት ይህ ሰዓታት ይፈጃል። የሞተች ሸረሪት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሆዷ ሆና እግሮቿን ወደ ውስጥ ታጥፋለች፤ እግሯን የሚዘረጋው የፈሳሹ ግፊት ነውና ግፊቱ ሲጠፋ ይኮማተራል።

የአሳዳሪው ሥራ ትንሽ ነው። ከሳጥኑ ውስጥ ሕይወት ያላቸውን ፌንጣዎች ያወጣል፤ ለስላሳ ገላዋን ሊነክሱ ይችላሉና። የውኃ ሳሕኗን ይሞላል፤ በሻኮፒ የማሞቂያ አየር ደረቅ ስለሆነ ይህ አይዘነጋም። አይነካትም፣ አይገለብጣትም፣ ውኃም አይረጭባትም። ካበቃች በኋላ መንጋጋዋ ነጭና ለስላሳ ስለሚሆን እስኪጠቁርና እስኪጠነክር አንድ ሁለት ሳምንት ምግብ አይሰጣትም። የተቆረጠ እግር ቢኖራት በአዲሱ ቆዳ ውስጥ አነስ ብሎ በቅሎ ይታያል።

እነዚህን ሸረሪቶች የሚጎዳቸው የአሳዳሪ ጥድፊያ ብቻ አይደለም። ቀይ ጉልበት ያላት የሜክሲኮ ታራንቱላ ለገበያ በብዛት ከዱር ስለተወሰደች በ1985 ንግዷ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ለማደግ ዓመታት የሚፈጅባት እንስሳ ከጉድጓዷ ስትወሰድ ቶሎ አትተካም። ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ ተንጋልላ የተገኘችውን “ሞተች” ብሎ ከመጣል በፊት እስከ ማግስቱ መጠበቅ ይገባል። በማግስቱ ምናልባት ሁለት ሸረሪቶች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንደኛዋ ባዶ ቆዳ ናት።